ለአንድ ውድድር መኮንን የሆነው ፈረሰኛ

እ.አ.አ በነሐሴ 1948 የለንደን ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድር በኦልደርሾት፣ በብሪታኒያ ጦር ሰፈር ከተማ፣ ሲካሄድ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ስዊድናዊው ጌኔል ፔርሾን ነበር። የለበሰው የመኮንን ልብስ ነው። ማዕረጉ ግን ገና አዲስ ነበር፤ የተሰጠውም ለዚያ ውድድር ሲባል ብቻ ነው።

ፔርሾን በ1910 ተወልዶ በስዊድን ጦር ውስጥ ያገለገለ ባለሌላ ማዕረግተኛ ነው፤ በእኛ አጠራር ሃምሳ አለቃ ልንለው እንችላለን። ሙያው ድሬሳዥ የሚባለው የፈረስ ግልቢያ ዓይነት ነበር። በዚህ ውድድር ፍጥነትም ዝላይም አይለካም። ፈረሱ በጋላቢው ረቂቅ ምልክት እርምጃውን ሲቀያይር፣ ባለበት ቆሞ ሲረግጥ፣ ወደ ጎን ሲሄድ ዳኞች እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ። ለዚህ የሚያበቃው የዓመታት ትዕግሥት እንጂ የትከሻ ምልክት አይደለም።

የዘመኑ ደንብ ግን እንዲህ አላሰበም። በኦሎምፒክ ድሬሳዥ መወዳደር የሚችሉት መኮንኖችና በደንቡ አነጋገር ጨዋ የሚባሉ ሲቪሎች ብቻ ነበሩ። ሴቶች አይፈቀድላቸውም፤ ባለሌላ ማዕረግተኞችም እንዲሁ። ምክንያቱ አማተርነት ነበር። ሃምሳ አለቃ ግልቢያ በማስተማር እንጀራውን የሚበላ ባለሙያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ከዚያው ጦር ደመወዝ እየተቀበለ፣ በመንግሥት ፈረስ ቀኑን ሙሉ የሚለማመደው መኮንን ግን አማተር ነው። ልዩነቱ በክፍያው ሳይሆን በመደቡ ላይ እንደነበር ለማየት ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

የስዊድን ሹማምንት ይህን ደንብ በግልጽ ከመሞገት ይልቅ አቋራጭ መረጡ። ከጨዋታው በፊት ለፔርሾን የመኮንንነት ማዕረግ ሰጡት። እሱም ክናውስት በተባለው ፈረሱ ላይ ሆኖ ከሄንሪ ሴንት ሲርና ከጉስታፍ አዶልፍ ቦልተንስተርን ጋር ተሰለፈ። ሦስቱ ፈረንሳይን በሰፊ ነጥብ አስከትለው የቡድን ወርቁን ወሰዱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፔርሾን ወደ ቀድሞ ማዕረጉ እንዲመለስ ተደረገ። ሹማምንቱ ጥቂት ወራት ቢታገሡ ኖሮ ምናልባት ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ማዕረጉ ለይስሙላ እንደነበር ተረድቶ በ1949 የፔርሾንን ውጤት ሰረዘ። በዚህም የቡድኑ ወርቅ አብሮ ሄደ። ወርቁ ለፈረንሳይ፣ ብሩ ለአሜሪካ፣ ነሐሱ ለፖርቱጋል ተላለፈ። ስዊድን ከፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዷ መሆኗ አላዳናትም።

ለፈረንሳዮቹም ፍርድ ይገባቸዋል። በሶሚር በሚገኘው ስመ ጥር የፈረሰኛ ትምህርት ቤታቸው የተካኑ ባለሌላ ማዕረግተኛ አሰልጣኞች ነበሯቸው፤ ደንቡን አክብረው ግን መኮንኖቻቸውን ብቻ አሰለፉ። ደንቡ ኢፍትሐዊ ቢሆንም አንዱ ሲያከብረው ሌላው ቢዘለው በሁለቱ መካከል ሌላ በደል ይፈጠራል። ከሁሉም ይልቅ የተጎዳው ግን ማዕረጉን ሲሰጡት የተቀበለ፣ ሲወስዱበትም የመለሰ፣ በመጨረሻም ሜዳሊያውን ያጣው ሰው ነው።

ቅሌቱ ያልታሰበ ፍሬ አፈራ። እስከ 1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ደንቡ ተቀይሮ ድሬሳዥ ለማንኛውም ማዕረግ ወታደር፣ ለሲቪሎችና ለሴቶች ተከፈተ። በዚያ ዓመት 4 ሴቶች ተሰለፉ። በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች ሽባ የሆነችውና ያለ ረዳት ፈረስ ላይ መውጣት የማትችለው ዴንማርካዊት ሊስ ሃርተል በግል የብር ሜዳሊያ አገኘች። በቀድሞው ደንብ በር ላይ ትቀር ነበር።

ፔርሾንም ተመለሰ። ያው ክናውስት፣ ያው ሴንት ሲር፣ ያው ቦልተንስተርን፤ ውጤቱም ያው የቡድን ወርቅ ሆነ። አሁን ግን የተዋሰው ማዕረግ አልነበረም።

ከ4 ዓመት በኋላ ኦሎምፒክ ወደ ሜልበርን ሄደ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችበት ያ ኦሎምፒክ ነው። አውስትራሊያ ከውጭ በሚገቡ ፈረሶች ላይ የጣለችው ጥብቅ የኳራንቲን ሕግ ግን የፈረስ ውድድሩን ብቻውን ወደ ስቶክሆልም አሻገረው። በ1912 በዚያችው ከተማ ኦሎምፒክ ሲካሄድ ፈረሰኞቹ በሙሉ መኮንኖች ነበሩ። በሰኔ 1956 ፔርሾን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት ከሁለቱ ጓዶቹ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ አንደኛ ወጣ።

በ1976 ሲሞት በስሙ የተመዘገቡት የኦሎምፒክ ወርቆች ሁለት ነበሩ። የ1948ቱ እስከ ዛሬ በፈረንሳይ ስም ተመዝግቦ ይገኛል።