ወይዘሮ ካትሪን ኦሊሪና የሺካጎ ቃጠሎ

በአሜሪካ አገር በሺካጎ ከተማ የደረሰውን ታላቅ ቃጠሎ የሚያነሣ ሰው አንዲት ሴትና አንዲት ላም ሳይጠራ አያልፍም፡፡ እኛም ወይዘሮ ካትሪን ኦሊሪን መጀመሪያ ያወቅናቸው «በጥንቷ ሺካጎ» በተባለው ፊልም ነው፡፡ በኋላ ግን የእውነተኛዪቱን ሴት ታሪክ ብንመረምረው በሸራው ላይ ካየነው ጋር የማይገጥም ሆኖ ስላገኘነው ይህን ለመጻፍ ተነሣን፡፡ ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፡፡

ወይዘሮ ካትሪን የአየርላንድ ተወላጅ ናቸው፡፡ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሺካጎ፣ ደኮቨን በሚባለው መንገድ ከባላቸው ከፓትሪክ ኦሊሪ ጋር ይኖሩ ነበር፡፡ ባላቸው የቀን ሠራተኛ ነበሩ፡፡ እርሳቸውም ሌሊት ተነሥተው አምስት ላሞች እያለቡ፣ ወተቱን ለጎረቤት እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር፡፡

ኦክቶበር 8 ቀን 1871 እሑድ ማታ በ3 ሰዓት ገደማ በረታቸው ነደደ፡፡ በዚያ ዓመት ለሦስት ወር ያህል ዝናብ እምብዛም አልጣለም፤ ከተማው የእንጨት ነበር፤ የእግረኛው መንገድ እንኳ ሳይቀር ሳንቃ ነበር፡፡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በዋዜማው ሌሊት ሌላ ትልቅ ቃጠሎ ሲያጠፉ ስላደሩ ደክመዋል፡፡ በዚህ ላይ በፍርድ ቤቱ ግንብ ላይ የቆመው ዘበኛ ጭሱን አይቶ ቦታውን ስለ ተሳሳተ ሰዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተላኩ፡፡ እሳቱ በነፋስ ተገፍቶ ወንዙን ተሻገረ፤ እስከ ማክሰኞ ንጋትም አልቆመም፡፡ 300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 100,000 የሚሆኑ ያለ መጠለያ ቀሩ፡፡ በዚያው ሌሊት በዊስኮንሲን ፔሽቲጎ የምትባል ትንሽ ከተማ ተቃጥላ፣ በርሷና በአካባቢዋ ከ1,000 ሰው በላይ አልቋል፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፡፡

የሚገርመው፣ የኦሊሪ መኖሪያ ቤት ሳይነካ ቀረ፡፡ ይህም ለሐሜት በር ከፈተ፡፡ ሴትዮዋ በፋኖስ ላም ሲያልቡ ላሟ ፋኖሱን ረግጣ ጣለችው ተባለ፡፡ ድኻ፣ ስደተኛና ካቶሊክ ስለ ነበሩ የሚሟገትላቸው አልተገኘም፡፡ አንድ ጋዜጣማ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉትን ሴት የሰባ ዓመት አሮጊት አድርጎ ጻፋቸው፡፡ መርማሪዎች ፊት ቀርበው እሳቱ ሲነሣ ተኝተው እንደ ነበር፣ ለበረቱም ሆነ ለከብቶቹ አንዳች የመድን ዋስትና እንዳልነበራቸው መሰከሩ፡፡ መርማሪዎቹም የእሳቱን መነሻ ማረጋገጥ አልቻሉም፡፡ ሐሜቱ ግን የምርመራውን ውጤት አልጠበቀም፡፡

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ካትሪን ከሰው ተሸሸጉ፡፡ ጋዜጠኛ አያስገቡም፤ ፎቶግራፍም አይነሡም ነበር፡፡ በ1895 በሳንባ ምች ሞቱ፡፡

ፊልሙን ሄንሪ ኪንግ አዘጋጅቶት በ1938 ለሕዝብ ታየ፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ የተሠራው ፊልም ብዙ ተመልካች አግኝቶ ነበርና፣ ሆሊውድ የከተሞችን መከራ ማሳየት ወድዶ ነበር፡፡ የቃጠሎው ትርኢት በእውነት ልብ ያሸብራል፤ ይህን አንክድም፡፡ ነገር ግን ስማቸውን ሞሊ ብሎ፣ ከወተት ሻጭነት ወደ ልብስ አጣቢነት ለወጣቸው፡፡ እስከ 1894 በሕይወት የኖሩትን ባላቸውን ገና ሺካጎ ሳይደርሱ ገደላቸው፡፡ አንዱን ልጃቸውንም የከተማው ከንቲባ አደረገው፤ የዚያን ጊዜው ከንቲባ ግን ሮዝዌል ሜሰን ነበሩ፡፡ ይህን ሁሉ ለውጦ ሳለ ያችን የላም ርግጫ ብቻ ሳይነካ አስቀራት! የወይዘሮ ካትሪን ፎቶግራፍ ስለሌለ፣ ፊልሙን ያየ ሰው የሚያስታውሰው በዚሁ ሥራዋ የኦስካር ሽልማት ያገኘችውን የአሊስ ብሬዲን ፊት ነው፡፡

ቤታቸው በነበረበት ቦታ ዛሬ የሺካጎ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ቆሟል፡፡ የከተማው ምክር ቤት በ1997 እርሳቸውን ከነላማቸው ነጻ አወጣ፤ ያን ጊዜ ወይዘሮ ካትሪን ከሞቱ 102 ዓመት ሆኗቸው ነበር፡፡