በረካ፦ ከሐበሻ ምድር እስከ መዲና

የረመዳን ጨረቃ ስትታይ ስለ ቢላል መወራቱ የተለመደ ነው። የእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን ሐበሻ መሆኑ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የኩራት ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ቢላል ሳይወለድ መካ የነበረችውን፣ ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ከልደታቸው ጀምሮ አቅፋ ያሳደገችውን ሐበሻዊት ግን የምናነሳት ጥቂት ነው። ስሟ በረካ ይባላል። ታሪክ በበኩር ልጇ ስም ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) እያለ ይጠራታል።

በረካ መካ የኖረችው በባርነት ነበር፤ ጌታዋም የነቢዩ አባት አብደላ ነበሩ። አብደላ ልጃቸው ሳይወለድ በመሞታቸው ከአሚና ጋር ቀረች። ሕፃኑ 6 ዓመት ሲሞላቸው አሚና ዘመድ ለመጠየቅ ወደ የስሪብ፣ ኋላ መዲና ወደተባለችው ከተማ ይዘዋቸው ሄዱ። በመልሱ ጉዞ አብዋእ በተባለ ስፍራ አሚና ታመው አረፉ። ወላጆቹን ሁለቱንም ያጣውን ልጅ በበረሃው መንገድ መካ ድረስ ያደረሰችው በረካ ናት። ለአያታቸው ለአብዱል ሙጠሊብ ካስረከበቻቸው በኋላም ከአጠገባቸው አልራቀችም።

ነቢዩ ኸዲጃን ሲያገቡ በረካን ነፃ አወጧት። ከኸዝረጅ ጎሳ የሆነውን ዑበይድን አግብታ አይመንን ወለደች። ባሏ ሲሞት ደግሞ ዘይድ ኢብን ሃሪሳን አገባች። ዘይድም በልጅነቱ ተማርኮ የተሸጠ ሰው ነበር። ከእርሱ የወለደችው ኡሳማ ገና በወጣትነቱ ነቢዩ የጦር አዛዥ አድርገው የሾሙት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ አረብኛው ሰላምታ በአንደበቷ አልሰተካከል ሲላት ነቢዩ አጭሩን ሰላምታ ብቻ እንድትል ፈቅደውላታል።

የሂጅራው ጊዜ ሲደርስ በረካም ከመካ ወደ መዲና ተሰደደች። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጾመኛ ሆና በእግሯ ስትጓዝ ጥም እንደጠናባት፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ከሰማይ በነጭ ገመድ የወረደ የውሃ ባልዲ አግኝታ እንደጠጣች ይተረካል። ከዚያ ቀን በኋላ በሐሩር ጾማ እንኳ እንዳልተጠማች ይነገርላታል።

በ625 እ.ኤ.አ. በኡሁድ ጦርነት ይህችው ሴት ውሃ አዝላ ተገኘች። ነቢዩ ራሳቸው ከ50 ዓመት አልፈው ነበርና፣ እርሷ በዚያን ጊዜ በዕድሜ የገፋች ነበረች። ያስገደዳት ማንም ሳይኖር የተጠሙትን አጠጣች፤ የቆሰሉትን አከመች። በ628 በኸይበር ዘመቻም እንዲሁ ተሰልፋለች። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ወደ የካ ሰፈሮች የሚወርዱትን እናቶች ላየ ሰው፣ ያ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት አያሻም።

በረካ ዝምተኛ አልነበረችም። መዲና ውስጥ የአንሷር ቤተሰብ የሰጣቸውን የቴምር ዛፎች ነቢዩ ለእርሷ ሰጥተዋት ነበር። ባለቤቶቹ እንዲመለስላቸው ሲጠይቁ አሻፈረኝ አለች። ነቢዩም ሳይቆጡ ምትኩን ከፍ እያደረጉ አባበሏት፤ ዐሥር እጥፍ ያህል ሲደርስ ተስማማች። የሚያዩዋት እንደ እናት ነበርና።

ስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ ግን መራራ ሆነባት። ባሏ ዘይድ ጦሩን እየመራ ሙእታ ላይ ወደቀ። ከወራት በኋላ፣ በረመዳን መካ ከተከፈተች በኋላ በሸዋል በተደረገው የሁነይን ጦርነት ልጇ አይመን ተሠዋ። ነቢዩ ካረፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር እርሳቸው ያደርጉት እንደነበረው ሊጠይቋት ሄዱ። ስታለቅስ አገኟት። ያስለቀሳት ሞታቸው አልነበረም፤ አላህ ዘንድ ያለው እንደሚሻላቸው ታውቃለች። ያስለቀሳት ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ መቋረጡ ነበር። ይህን ስትነግራቸው ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።

ዛሬም ከየካና ከሌሎች ክፍለ ከተሞች ብዙ ሴቶች ልጆቻችን ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፤ ጥቂቶች ለሐጅና ለዑምራ፣ ብዙዎች በሰው ቤት ለመሥራት። ከእነርሱ አንዷ የሰው ልጅ እያሳደገች፣ ቋንቋው እያስቸገራት፣ ዘንድሮም ለብቻዋ ታፈጥር ይሆናል። ደውሎ ደኅንነቷን መጠየቅ፣ እዚህ የቀሩ እናቷንም ጠርቶ አብሮ ማፍጠር የበረካን ታሪክ ለሚወድ ሰው የሚከብድ አይደለም። ሁለቱ ታላላቅ ሰዎችም እኮ የአንዲት አሮጊት ሐበሻዊትን ደጅ ለመርገጥ ጊዜ አላጡም።