ማርክ ቪቪየን ፎ፦ የልብ ጡንቻ ሕመሙ ከሞተ በኋላ የታወቀው ተጫዋች

እግር ኳስ የሚከታተሉ ከሆነ ማርክ ቪቪየን ፎን ሳያስታውሱት አይቀሩም። ታሪኩን እዚህ የምናነሳው ለሞት ያበቃው ሕመም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በመሆኑና ምናልባት በእርስዎ ቤተሰብም ሊኖር ስለሚችል ነው።

ፎ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ ተወለደ። በካኖን ያውንዴ ክለብ ተጫውቶ፣ ገና በ19 ዓመቱ በ1994 የዓለም ዋንጫ ለሀገሩ ተሰለፈ። ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ከላንስ ክለብ ጋር በ1998 የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት እግሩ ተሰብሮ የዓለም ዋንጫ አመለጠው። ድኖ ለእንግሊዙ ዌስትሃም፣ ቀጥሎም ለፈረንሳዩ ሊዮን ተጫወተ። በ2000 እና በ2002 ከካሜሩን ጋር የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ። በማንችስተር ሲቲ በቆየበት ዓመት፣ ክለቡ በቀድሞ ሜዳው በሜይን ሮድ ያስቆጠረውን የመጨረሻ ጎል ያገባው እሱ ነው። ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነበር።

ሰኔ 26 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በሊዮን ከተማ ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት፣ በ72ኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው መሃል ሜዳ ላይ ወደቀ። ሐኪሞች ልቡን ለመመለስ ብዙ ቢጥሩም አልተሳካም። ዕድሜው 28 ነበር። የመጀመሪያው የአስከሬን ምርመራ መንስኤውን አላሳየም። ሁለተኛው ግን ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ፣ ማለትም የልብ ጡንቻ ከልክ በላይ መወፈር፣ እንደነበረበት አረጋገጠ።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ከ500 ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ወላጅ የሕመሙ ዘረ መል ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የልብ ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደርቃል፤ ውስጡም ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። ጠባሳው የልብን ምት ያናጋል። ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ሌላው ሲሠራ ወይም ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታበታል፣ ወይም ራሱን ይስታል።

ኤምአርአይ ምን ያሳያል?

መጀመሪያ የሚታዘዙልዎ ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ ናቸው። የልብ ኤምአርአይ የሚያስፈልገው አልትራሳውንዱ አጥርቶ ባላሳየው ጊዜ ወይም ጠባሳ መኖሩን ለማወቅ ነው። ማሽኑ በማግኔት ይሠራል፤ ጨረር የለውም። ልብ ስትኮማተርና ስትላላ እንደ ፊልም ያሳያል፤ የግድግዳውን ውፍረት በሚሊሜትር፣ በእያንዳንዱ ምት የምትረጨውን ደም መጠንም ይለካል። በአዋቂ ሰው 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት፣ ሌላ ምክንያት ከሌለ፣ የሕመሙ ምልክት ነው። ጋዶሊኒየም የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ጠባሳ ያለበት ቦታ ደምቆ ይታያል።

አንድ ነገር ይወቁ፦ ልብ ደም በደንብ ትረጫለች ተብሎ ውጤት ቢመጣ፣ ጡንቻው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በዚህ ሕመም የመርጨት አቅሟ ለብዙ ዓመት ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪምዎን ስለ ውፍረቱና ስለ ጠባሳውም ይጠይቁ። ጠባሳው ሰፊ ከሆነ ድንገተኛ ሞት የሚያሰጋ በመሆኑ፣ ምት ሲናጋ የሚያስተካክል መሣሪያ በደረት ሊቀበርልዎ ይችላል።

ምርመራው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በየመሃሉ ትንፋሽዎን እንዲይዙ ይነገርዎታል። በሰውነትዎ ብረት ወይም የልብ መሣሪያ ካለ፣ ኩላሊትዎን የሚያምዎ ከሆነ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ።

በቤትዎ ምን ያድርጉ?

በአንበሳሜም ሆነ በዙሪያው ገጠር፣ ሳይታመም ድንገት ተቀጨ የሚባል ወጣት በዘመድዎ መካከል ካለ፣ ማን እንደነበረ፣ በስንት ዓመቱና ምን ሲሠራ እንደወደቀ ከታላላቆች ጠይቀው ይጻፉ። ጽሑፉን ለሐኪም ያሳዩ፤ ከምርመራ ውጤት ያልተናነሰ ይጠቅማል። አንድ ሰው ሕመሙ ከተገኘበት ወላጆቹ፣ እህት ወንድሞቹና ልጆቹ ሁሉ መታየት አለባቸው። ሕመሙ ዘግይቶ ሊወጣ ስለሚችል ዛሬ ነጻ የተባለ ልጅም በየጊዜው ይመለስ። የልብ ኤምአርአይ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ በኢሲጂና በአልትራሳውንድ ይጀምሩ፤ ካስፈለገ ሐኪሙ ሪፈር ይጽፍልዎታል። የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ።

በሥራ ወይም በጨዋታ መሃል ራሱን የሳተ ልጅ ካለዎት፣ ድካም ነው ብለው አይለፉት። ሐኪም እስኪያየው ድረስ ሩጫና ከባድ ሥራ ያስቁሙት።