አበበ ቢቂላ በበረዶ ላይ

ዛሬ የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። አበበን የማያውቅ ማን አለ እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ ጃቶ በሚባል ቦታ ተወለደ። ካደገ በኋላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ኦኒ ኒስካነን የሚባል የስዊድን ሰው አሰለጠነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። እኔ ጫማ አጥቶ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው። በ1957 ዓ.ም ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ገና 40 ቀን ገደማ ሆኖት ቶኪዮ ላይ በድጋሚ አሸነፈ።

መጋቢት 1961 ዓ.ም ግን መኪና ተገልብጦበት ክፉኛ ተጎዳ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ቢታከምም ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። እኔ ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም! በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ የቀስት ውድድርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተለማመደ። በ1963 ዓ.ም ኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በእንግድነት ተጋበዘ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አላየም። ጎማ በሌለው፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ! ለእኛ ለአማኑኤል ልጆች በረዶ ማለት በክረምት ከሰማይ ወርዶ ሰብል የሚመታው ነው። እዚያ ግን ምድሩን ሁሉ ይሸፍነዋል። አበበም እኮ እንደ እኛው የደጋ ልጅ ነው፤ በበረዶ ላይ ሲሽቀዳደም አላደገም።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ አረፈ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በክፍላችን በክራንች የሚሄድ ልጅ አለ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ እኛ ስንሮጥ እሱን ሁልጊዜ የደብተርና የሹራብ ጠባቂ እናደርገዋለን። እኔም ሹራቤን ጭኑ ላይ ወርውሬ እሮጥ ነበር። ይህን ታሪክ ሳነብ አፈርኩ። ባለፈው ሳምንት ምን መጫወት እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ውርወራ እንደሚወድ ነገረኝ። ለካ እስከ ዛሬ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም! አሎሎ ሲወረውር ደግሞ እኔን በሁለት እርምጃ በለጠኝ። ሹራባችንን አሁን አጥሩ ላይ ነው የምንሰቅለው።



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል