ትሕትናና ስም
(የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት)

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ የጊቤን ወንዝ ተሻግሮ፥ ሶኮሩን ካለፈ በኋላ ሰርቦ ሳይደርስ አሰንዳቦን ያገኛል። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኛም ጥቂት ተማሪዎች በዚሁ መንገድ ስንጓዝ አውቶቡሳችን እዚያ ስለ ቆመ ወርደን ቡና ጠጣን። ቡናውን ያፈሉልን እናት ከመካከላችን የአንዱን ወንድማችንን ፊት ትኵር ብለው አዩና የማን ልጅ እንደ ሆነ በኦሮምኛ ጠየቁት። ወንድማችን የተወለደው ከዚያች ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑን በአማርኛ ነግሮአቸው ፊቱን አዞረ። እኛም ሳቅን።

አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ ሳቃችን ወደ ክርክር ተለወጠ። ወንድማችን ራሱን ሲከላከል፥ ክርስቲያን የሆነ ሰው ራሱን መካድ እንደሚገባው፥ አገሬ ቋንቋዬ ወገኔ እያሉ መመካትም ከትሕትና ጋራ እንደማይስማማ ነገረን። ይህ ንግግሩ ለጊዜው አፋችንን አስያዘን። ጅማ እስክንደርስ ድረስ መልስ ያገኘለት አልነበረም። አሁን ግን ስናስበው ራስን መካድና ስምን መደበቅ አንድ አለመሆናቸውን የሚያስረዳ የአንድ ሰው ሕይወት ስላገኘን፥ ለእሱም ለራሳችንም እንዲሆን በዚህ መጽሔት ላይ ልናቀርበው ወደድን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። የተወለደው በ1850ዎቹ አጋማሽ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ሲሆን፥ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። አባቱ የሞቱት እሱ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ከአገሩ ሰርቀው ወሰዱት። በዚያ ዘመን ከደቡብ ምዕራብ አገራችን ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው የንግድ መንገድ ቡናና የዝሆን ጥርስ፥ ወርቅና ዝባድ ብቻ የሚተላለፍበት አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። በጅማ የነበረው የሂርማታ ገበያ ሳይቀር በዚህ ንግድ የታወቀ ነበር። ዛሬ የቡና ከረጢት ጭነው በሚያልፉ መኪናዎች የምናውቀው ያ አገር ልጆቹ በእግራቸው እየተነዱ የወጡበት አገር መሆኑን ማስታወስ ይገባናል።

ሂካ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ስምንት ጌቶች ገዝተውታል። ነሲብ የሚለውም ስም የወጣለት በዚሁ የባርነት ዘመን ነው። በመጨረሻ ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የሚባለው የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣውና በእምኩሉ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተሰጠ። በዚያም ፊደል ቆጥሮ በትምህርቱ ትጉህ ሆኖ ተገኘ። በ1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ጥቂት ልንቆይ ይገባናል። ኦነሲሞስ ማለት በግሪክ ቋንቋ ጠቃሚ ማለት ሲሆን፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት እንደ ወንድም እንዲቀበለው የለመነለት ባሪያ ስም ነው። እንግዲህ ይህ ወጣት አዲስ ስም ሲቀበል፥ ባሪያ መሆኑን የሚያስረሳ የጌታ ወይም የንጉሥ ስም አልተቀበለም። ባሪያ የነበረና ወንድም የሆነ ሰው ስም ተቀበለ። ነሲብ የሚለውንም አልጣለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ በመጻሕፍቱም ላይ ሳይቀር ኦነሲሞስ ነሲብ ተብሎ ኖረ። ያሳለፈውን መከራ ስሙ ላይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው በራሱ አላፈረም ማለት ነው።

በ1876 ወደ ስዊድን አገር ተልኮ በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ተመልሶ መጣና ምሕረት ኃይሉን አገባ። የተማረ ሰው በሆነ ጊዜ በምጽዋ ተደላድሎ መኖር ይቻለው ነበር። እሱ ግን ወዲያው ወደ ተሰረቀበት አገር ለመመለስ ተነሣ። ወደ ኢትዮጵያ ለሚገቡ ሚሲዮናውያን መንገዱ ዝግ ስለ ነበር ጓደኞቹና እሱ በሱዳን በኩል ዞረው ሄዱ፤ ዳሩ ግን በአሶሳ አቅራቢያ ካለችው ፋማካ ሲደርሱ የማህዲስቶች ዐመፅ ስለ ተነሣ ተመልሰው በ1882 ሚያዝያ ካርቱም ገቡ። በ1884 እንደገና ተነሥተው እስከ እንጦጦ ዘለቁ፤ የዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ስለሚከለክል ምኒልክ ወደ መጡበት እንዲመለሱ አደረጉአቸው። ሁለት ጊዜ አገሩን ከሩቅ አይቶ የተመለሰው ሰው እንግዲህ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ በእምኩሉ ተቀምጦ ብዕሩን አነሣ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ቈረጠ።

አሁን የምንፈልገውን ነገር የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። ኦነሲሞስ ሥራውን ሲጀምር አንድ ጕድለት አገኘበት፤ ይኸውም የገዛ ቋንቋው ነው። ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ወጣና ለብዙ ዘመን በሌሎች ቋንቋዎች ስለ ኖረ፥ ኦሮምኛው ለእንዲህ ያለ ሥራ አልበቃም። ዮሐንስሉንድ የተማረውን ሁሉ ሊሰጠው ሲችል እናቱ የምትናገረውን ቃል ግን አልሰጠውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይም ቋንቋው ለከፍተኛ ነገር አይበቃም ብሎ ጕድለቱን በቋንቋው ላይ ይጭናል፥ ወይም አላውቅም ብሎ ይማራል። ኦነሲሞስ ሁለተኛውን መረጠ።

መምህሩም አስቴር ጋኖ ሆነች። አስቴር በመቱ አጠገብ በነጻነት የተወለደች ስትሆን፥ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባርነት የወደቀች ልጅ ነበረች። ሊሙ ማለት በጅማ መንገድ ስንሄድ ከአሰንዳቦ በስተ ሰሜን ምዕራብ የምንተወው ያ የቡና አገር ነው። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው ነጻ አወጧትና በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ከኦነሲሞስ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ አውሮጳን አላየችም። ነገር ግን እሱ የሌለው ሀብት ነበራት። የአገሯን ቃል በአፏ ሙሉ ይዛ መጥታ ነበር። ቃላት ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ አምስት መቶ ያህል እንቈቅልሽ፥ ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን ከትውስታዋ ጻፈች፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ስዊድን አገር የተማረው ሰው ከዚህች ወጣት ሴት ጋራ ተቀምጦ ቃል በቃል ተማረ።

የአዲስ ኪዳን ትርጕም በ1893 ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና በግእዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። የዚህ ሥራ ዝና የተያያዘው በኦነሲሞስ ስም ነው፤ የአስቴርን ድርሻ የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። ይህን ስንጽፍ እውነቱን ልንሸፍን አይገባንም። ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ትሑት ነው፤ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ትሕትና ነው የሚል ግን ለግፍ ጥሩ ስም አወጣለት እንጂ ትሕትናን አላስተማረም።

በ1904 ኦነሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ባልንጀሮቹ ጋራ ወለጋ ገባ፤ በነቀምቴም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ማለት ኩምሳ ሞረዳ፥ በክብር ተቀበሉት። ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሕዝቡም በሚሰማው ቋንቋ ሰበከ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእመቤታችን ላይ ክፉ ተናግሯል ተብሎ ተከሰሰና በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ እንዲሰደድም ተፈረደበት። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ፥ ነገር ግን ዳግመኛ እንዳይሰብክ አዘዙ።

በስዊድን የተማረ ሰባኪ እንዳይሰብክ ሲከለከል ምን ያደርጋል? ኦነሲሞስ አገሩን አልተወም፤ ሕዝቡንም ለሁከት አላነሣሣም። ሕፃናትን ፊደል ሲያስቆጥር ዐሥር ዓመት ተቀመጠ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪሰጡት ድረስ እንዲህ ኖረ፤ ከዚያም በኋላ እየሰበከና መጽሐፉን እያደለ በ1931 ሰኔ ወር በነቀምቴ ዐረፈ።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። ክርስቶስ ራሱን ዝቅ አድርጎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ እናስባለን። ነገር ግን እግር ያጠበው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ አውቆ ጎንበስ አለ። ማንነቱን የማያውቅ ወይም የሚያፍርበት ሰው ጎንበስ ቢል ፍርሃት ነው እንጂ ትሕትና አይደለም። ባርነት ሰውን በግድ ዝቅ ያደርጋል፤ ትሕትና ግን ነጻ የወጣ ሰው ሥራ ነው። ኦነሲሞስ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው ከአስቴር ለመማር የተቀመጠው። እኛም ከትምህርታችን የተነሣ ራሳችንን ከፍ አድርገን፥ ቡና ያፈሉልንን እናት ቋንቋ እንደማናውቅ ስንሆን፥ የካድነው ራሳችንን ሳይሆን እሳቸውን ነው።

ወላጆቹ ያወጡለት ሂካ የሚለው ስም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ቃሉ የመጣበት ግስ ደግሞ እንደ አማርኛው ሁሉ መፍታትን ያመለክታል፤ የታሰረም ይፈታል፥ የተሰወረ ቃልም ይፈታል። ፈንጋዮች የነጠቁትን ይህን ስም አንድ ቀን መልሶ ለራሱ ባይጠራበትም፥ በሥራው ፈጸመው።

በሚመጣው ዕረፍት በዚያው መንገድ እንመለሳለን። ወንድማችንም ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦታል፤ አሰንዳቦ ስንደርስ ቀድሞ የሚወርደው እሱ እንዲሆን ተስማምተናል።