ወታደሩ ሰማዕት ቅዱስ ጊዮርጊስ



በመካከላችን አባቱ፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ በውትድርና ያገለገለ ብዙ ነው። ስለዚህ ክርስቲያን ወታደር ሊሆን ይችላልን? የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። መልሱን በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሕይወት እንመልከት።

የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት እንደሚነግሩን አባቱ አንስጣስዮስ ከቀጰዶቅያ፣ እናቱ ቴዎብስታ ደግሞ ከፍልስጥኤም አገር ከልዳ ነበሩ። አባቱ ሲያርፍ ጊዮርጊስ የ20 ዓመት ወጣት ሆኖ የአባቱን ሹመት ለመቀበል ወደ ንጉሡ ወደ ዱድያኖስ ሄደ። ንጉሡን ግን ጣዖት አቁሞ ሕዝቡን ሲያሰግድ አገኘው።

እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባናል። ከፊቱ የሚጠብቀው ሹመትና ክብር ነበር፤ የሚጠየቀውም አንድ ስግደት ብቻ ነበር። እርሱ ግን ገንዘቡን ለድሆች አካፈለ፤ አገልጋዮቹን ነጻ አወጣ፤ ከዚያም በንጉሡ ፊት ቆሞ ክርስቲያን መሆኑን መሰከረ። ስለዚህም 7 ዓመት መከራ ተቀበለ። አጥንቱ ተፈጭቶ በይድራስ ተራራ ላይ ተበተነ፤ ጌታም አስነሣው። መርዝ ያጠጣው ጠንቋይ አትናስዮስና የንጉሡ ሚስት እለእስክንድርያ ጽናቱን አይተው አመኑ። በመጨረሻም ሚያዝያ 23 ቀን አንገቱን ተሰይፎ የሰማዕትነትን አክሊል ተቀበለ።

በሥዕሉ ላይ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ብሩታዊትን ሲያድን እናየዋለን። ጦሩን ያነሣው ረዳት ላጣች ልጅ ነው፤ ራሱ ሲገረፍ ግን በገራፊዎቹ ላይ እጁን አላነሣም። የክርስቲያን ወታደር ሚዛኑ ይህ ነው። ለደካማው ይቆማል፤ አለቃውን ይታዘዛል፤ እግዚአብሔርን ካድ፣ ንጹሑን በድል ሲባል ግን እንቢ ይላል። መጥምቁ ዮሐንስም ወታደሮች ወደ እርሱ በመጡ ጊዜ ሰውን እንዳይበድሉና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከዘማቹ ጋር ነበረ፤ ዕለቱም ወርኃዊ በዓሉ ነበር። የእኛው የጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሠራዊታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ካህናቱ እየጸለዩ፣ ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ ጋሻውን አንሥቶ የሄደው የሰው አገር ለመውረር ሳይሆን የራሱን ለመጠበቅ ነው። ከእነዚያ ዘማቾች የብዙዎቹ ስም በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን አልተረሳም።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ? ወታደርን ማክበር ፉከራ ማሰማት ብቻ አይደለም። በየወሩ በ23 ቀን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የወደቁትን በጸሎት እናስብ። ቆስሎ የተመለሰውን እንጠይቅ፤ ባሏ ያልተመለሰላትን እናት አዝመራዋን እንሰብስብላት፤ ውኃዋን እንቅዳላት። ከመካከላችን ወደ ውትድርና የሚሄድ ቢኖር ደግሞ የጊዮርጊስን ጀግንነት ብቻ ሳይሆን እንቢታውንም ይዞ ይሂድ።

የሰማዕቱ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።