ከመካነ ሥላሴ እስከ ጎታ፤ የአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት

ወደ ባሕር ማዶ ስለሄደ ሐበሻ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ባዶ እጁን ሄዶ፣ የፈረንጅ ዕውቀት ቀስሞ የሚመለስ ተማሪ። በዚህ እትም ሕይወታቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ አባ ጎርጎርዮስ ግን ነገሩ በተቃራኒው ሊሆን እንደሚችል ያሳዩ ሰው ናቸው። እሳቸው ወደ አውሮፓ የሄዱት ስደተኛ ሆነው ሲሆን፣ በአንዲት ጸጥተኛ የጀርመን አገር ከተማ የተቀመጡት ግን መምህር ሆነው ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መስጠታችንን አንባብያን እንዲረዱልን እናሳስባለን።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ገደማ፣ በአማራ አገር፣ መካነ ሥላሴ በተባለው ስፍራ ነው። አገሩ ዛሬ ደቡብ ወሎ ከምንለው ውስጥ ነው። መካነ ሥላሴ አፄ ናዖድ ያስጀመሩት፣ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት፣ በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ የተቃጠለ ቦታ ነው። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ቀድሞ የነገሥታት መመኪያ በነበረ፣ በኋላ ግን ከስሙና ከትዝታው በቀር ብዙ ባልተረፈለት አገር ነው ማለት ይቻላል። ከከበረ ቤተ ሰብ የተወለዱ መሆናቸው ይነገራል። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ ሲሆን፣ የቤተ ክህነቱን ትምህርት በግዕዝ ጠንቅቀው ተምረዋል።

ለአቅመ አዳም የደረሱበት ዘመን የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነበር። እንደሚታወቀው ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጽ ተቀበሉ። በ1625 ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ከሮም ተሹመው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ከዚያ በኋላ የአገሩ ልጅ በሃይማኖት ተለያይቶ እርስ በርሱ ተፋጀ። በየአውራጃው አመፅ ተነሣ፤ ገበሬው ከንጉሡ ጦር ጋር ተዋጋ፤ ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ። በመጨረሻም በ1632 ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያን የሚባሉትን ካህናት ከአገር አስወጡ።

አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ጠብ ከተሸናፊው ወገን ነበሩ። ከካቶሊካውያኑ ጋር የወገኑ ስለነበሩ አገራቸውን ጥለው መሰደድ ግድ ሆነባቸው። በዚህ ረገድ ከአንባቢዎቻችን መካከል ፋሲለደስን የሚደግፍም፣ ለተሰደዱት የሚያዝንም እንደሚኖር እናውቃለን። እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣንም። ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ይህ ሰው ወደ አውሮፓ የደረሱት የንጉሥ ደብዳቤ የያዙ መልእክተኛ ሆነው ሳይሆን፣ መመለሻው የተዘጋባቸው ስደተኛ ሆነው ነው።

በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የሚጠራ የሐበሾች ማረፊያ ነበረ። ቦታው ለኢትዮጵያውያን ነጋድያን የተሰጠው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በሮም ያሳተሙት በዚህ ቤት ተቀምጠው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ የዚህን ቤት በር አንኳኳ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ነበር።

ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት ከተማ የተወለደ፣ በሆላንድም በላይደን የተማረ፣ ቋንቋ ማወቅ እንደ ረኃብ የሚያሠቃየው ሰው ነበር። ወደ ሮም የተላከው በፓሪስ በነበረው የስዊድን አምባሳደር ሲሆን፣ ጉዳዩም ስለ ስዊድን የሚናገሩ የጠፉ ሰነዶችን መፈለግ ነበር። የሐበሾች ቤት መኖሩን ሲሰማ ግን ልቡ ወደዚያ አደላ። ግዕዝን አስቀድሞ ከመጻሕፍት ለብቻው ለመማር ሞክሯል። በጊዜው የነበረው መዝገበ ቃላት በ1638 በሮም የታተመው፣ የአንትወርፕ ተወላጅ የሆነው መነኩሴ ያዕቆብ ቬመርስ ያዘጋጀው ነበር። የፍሌሚሹ ሰው ሥራ በር ከፋች ቢሆንም ስሕተትና ጉድለት የበዛበት ነበረ። በመሆኑም ሉዶልፍ በሐበሾቹ ፊት ግዕዙን ማንበብ ሲጀምር አነጋገሩ እንግዳ ስለ ሆነባቸው ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። ያነበበውን ሲተረጉምላቸው ግን ሳቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ።

መጀመሪያ ላይ መምህሩና ተማሪው የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። አባ ጎርጎርዮስ ፖርቱጋልኛ ያውቃሉ፤ ሉዶልፍ አያውቅም። በአስተርጓሚ ጀመሩ። ቀስ በቀስ ግን በግዕዝ መነጋገርና መጻጻፍ ቻሉ። ግዕዝ በዚያን ጊዜም ቢሆን በገበያና በመንገድ የሚነገር ቋንቋ አልነበረም። ሆኖም የአማራ አገር መነኩሴና የኤርፉርት ወጣት በሮም ከተማ ተቀምጠው ሕያው መነጋገሪያ አደረጉት።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1652 በጎታ ከተማ በመስፍኑ በኤርንስት አገልግሎት ገባ፤ የመስፍኑንም ልጆች እንዲያስተምር ተመደበ። ኤርንስት በቅጽል ስማቸው ጻድቁ የሚባሉ፣ የሉተርን ትምህርት የሚከተሉ መስፍን ነበሩ። ግዛታቸው ትንሽ ነበረች። በ1618 ተጀምሮ በ1648 ያበቃው የሠላሳው ዓመት ጦርነት የጀርመንን ገጠር አውድሞት ነበር። ጦርነቱ የሥልጣን ጠብ የነበረውን ያህል የሃይማኖት ጠብም ነበር። መስፍኑ ጦርነቱ ሳያበቃ፣ በ1642፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚመሩበትን ደንብ አወጡ፤ የገበሬው ልጅ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ማንበብ መጻፍና ሒሳብ እንዲማሩ አዘዙ። በ1643 ደግሞ ከከተማይቱ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ቀድሞ በጦርነት በፈረሰ ምሽግ ቦታ ላይ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙን ፍሪደንሽታይን አሉት፤ የሰላም ድንጋይ ማለት ነው።

ሉዶልፍ ስለ መምህሩ ለመስፍኑ ነገራቸው፤ እሳቸውም እንግዳው ይምጡ ብለው ፈቀዱ። በዚሁ ዓመት አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነሥተው፣ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጀርመን ገቡ። ሉዶልፍ ኑርንበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው፤ ከዚያም ወደ መስፍኑ ግዛት ወሰዳቸው። ክረምቱ ሳይገባ በመስከረም እስኪመለሱ ድረስ በጋውን እዚያው ሰነበቱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ነገሩን እንመልከተው። በሃይማኖት ጦርነት ምክንያት ከአገራቸው የተሰደዱ አንድ ሐበሻ፣ ከሃይማኖት ጦርነት ገና አራት ዓመት ብቻ በራቀ አገር እንግዳ ሆኑ። ካቶሊካዊው ስደተኛ በሉተራዊው መስፍን ማዕድ ተቀመጡ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር ሊታሰብ አይችልም ነበር። ከአገራቸው ያስወጣቸው ጉዳይ በጎታ በጽሞና የሚጠየቅና የሚመዘገብ ጉዳይ ሆነ።

በእርግጥም ሥራቸው መጠየቅና መመለስ ነበር። መስፍኑና አማካሪዎቻቸው ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነትና ሥርዓት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አገሩ አቀማመጥ፣ ስለ ሕዝቡ አኗኗር ጠየቋቸው። መስፍኑ ይህን የሚያደርጉት ለዕውቀት ብቻ ብለው አልነበረም፤ ከሮም ውጪ የቆየች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ከሉተራውያን ጋር ልትቀራረብ ትችል ይሆን የሚል ተስፋም ነበራቸው። ጥያቄውና መልሱ እየተጻፈ ተቀመጠ። አባ ጎርጎርዮስ በእምነት ከተለዩዋት የአገራቸው ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራቸው ቅያሜ ምንም ያህል ቢሆን፣ ስለ እሷ ሲጠየቁ የሚያውቁትን ከመናገር አልተቆጠቡም። ከሉዶልፍ መጻሕፍት እንደምንረዳው፣ ስለ አገራቸው ክብር የሚቆረቆሩ፣ ሐሰት ሲወራ ዝም ብለው የማያልፉ ሰው ነበሩ።

ሐሰቱም ብዙ ነበር። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚያነበው በአብዛኛው ተረት ነው። በ1610 በስፔን አገር የታተመው የሉዊስ ዴ ኡሬታ መጽሐፍ ያልነበረ ሀብትና ያልነበረ ከተማ የሞላበት ነበር። ሉዶልፍ በኋላ ይህን የመሰለውን ተረት እያነሣ ሲያፈርስ፣ በምስክርነት ከሚጠራቸው ሰዎች ዋነኛው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

ከጎታ ከተመለሱ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ በኢጣልያ ተቀመጡ። ከሉዶልፍ ጋር ግን በግዕዝ መጻጻፋቸውን አላቋረጡም። ሉዶልፍ ያልገባውን ቃል ይጠይቃል፤ መምህሩ ይመልሳሉ። በመጨረሻ ናፍቆት አሸነፋቸውና በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በመርከብ ተነሡ። መርከቡ በሶርያ ባሕር ዳርቻ፣ በእስክንድሩና አጠገብ ተሰበረ፤ አባ ጎርጎርዮስም ሰጥመው ሞቱ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

ያስተማሩት ግን ከእሳቸው ጋር አልሰጠመም። ከሞታቸው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ የሚለው ትልቁ መጽሐፉ በፍራንክፈርት ወጣ፤ በዓመቱም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ተነበበ። በ1691 የዚሁ ታሪክ ሐተታ ተከተለ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ለአማርኛ ቋንቋ በኅትመት የወጣ የመጀመሪያው ሰዋስው ይህ ነው። መምህሩ ከሞቱ አርባ ዓመት አልፎ ነበር፤ የአማርኛው ምንጭ ግን በዋነኛነት እሳቸው ናቸው። ሉዶልፍ የመምህሩን ስም አልደበቀም፤ ደጋግሞ ጠርቶታል፣ ሥዕላቸውንም አሳትሟል። ከአፍሪካ ሰው ዕውቀት ወስደው ስሙን የዘለሉ ጸሐፊዎች በበዙበት ዓለም ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ጎታ ዛሬም አለች። ከኤርፉርትና ከአይዘናኽ መካከል፣ ከቱሪንጊያ ደን በስተሰሜን የምትገኝ፣ ነዋሪዋ ከሃምሳ ሺሕ የማይበልጥ ጸጥተኛ ከተማ ናት። የሰላም ድንጋይ የተባለው ቤተ መንግሥት በኮረብታው ላይ፣ ሁለት ማማዎቹን ይዞ ቆሟል። በውስጡ ካለው ቤተ መጻሕፍት የግዕዝ መጻሕፍትና የዚያ በጋ ጽሑፎች ይገኛሉ። ከአባሎቻችን ወደዚያ አገር ለትምህርት ወይም ለጉብኝት የሚሄድ ቢኖር ከበርሊንና ከፍራንክፈርት ጫጫታ አንድ ቀን ቀንሶ እዚያ ቢያሳልፍ አይጸጸትም። የሚያየው የፈረንጅ መስፍን ቤት ብቻ አይደለም፤ አንድ የወሎ ሰው ወንበር ተሰጥቶት ያስተማረበትን ቦታ ነው።

እኛም በሪያድ፣ በመላዝ ተቀምጠን ይህን ታሪክ ስናነብ የራሳችንን ኑሮ እናይበታለን። ባልንጀሮቻችን ስለ ነጃሺ፣ ስለ ዓባይ፣ ስለ ቡና ይጠይቁናል። ቤት ስንል በይት፣ ራስ ስንል ረእስ፣ ዓይን ስንል ዐይን እያሉ ይደነቃሉ። ግዕዝ የዐረብኛ ዘመድ መሆኑን ሉዶልፍ ከ300 ዓመት በፊት በመጻሕፍቱ አስረድቷል፤ እኛ ግን ስንጠየቅ ብዙ ጊዜ በቀልድ እናልፈዋለን። ጠያቂው ትክክለኛውን ከእኛ ካላገኘ ተረቱን ከሌላ ማግኘቱ አይቀርም።

ከዚህም ሌላ ልናስብበት የሚገባ መራራ ነገር አለ። ከአባ ጎርጎርዮስ አንደበት የተወሰደው ዕውቀት የታተመው በላቲን ነው። ለፈረንጅ ሊቃውንት ትልቅ መሠረት ሆነ፤ እስከ ዛሬም በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል በሉዶልፍ ስም ይጠራል። በመካነ ሥላሴ ለቀረው ዘመዳቸው ግን አንዲት ቅጠል አልደረሰችውም። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ይዘው ሊመለሱ ተነሥተው ባሕር ቀረባቸው። እኛ ዛሬ የምንሻገረው ባሕር ይህን ያህል አያስፈራም። ስለሆነም በውጭ የምንማረውንና የምናስተምረውን በአገራችን ቋንቋዎች የመጻፍ ግዴታ አለብን። ይህች መጽሔት በአማርኛ የምትወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ላቲን ወይም ጀርመንኛ የሚችሉ አባሎች የአባ ጎርጎርዮስን መልሶች ወደ አማርኛ ለመመለስ ቢተባበሩ፣ አዘጋጆቹ ገጾቻችንን ለሥራው ክፍት እናደርጋለን።